ጅብ ከሄደ በኋላ እንዳይሆን
(ለሕክምና ትምህርት መግቢያ ስለሚዘጋጁ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ለሕክምና ትምህርት መግቢያ ስለሚደረግ ዝግጅት ነው። «እኛ ካለፍነው ስንት ዘመኑ፤ ለልጆቹ ቢነገር አይሻልም ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። ለልጆቹማ በየጊዜው በስልክ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው፣ የልጆቹ ዝግጅት ግማሹ በእኛ እጅ ያለ ስለሆነ ነው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ከገጠር የሚመጣ ጎበዝ ልጅ ሕክምና ሳይገባ ሲቀር፣ ብዙ ጊዜ ማጥናቱን አጥንቷል። የጎደለው ምን እንደሚቆጠር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር በጊዜው የሚነግረው ሰው ነው። ወሬው ይደርሰዋል፤ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ማለት ነው።

ምሳሌዬን ከማውቀው አገር፣ ከራቤል አደርጋለሁ። ራቤል የግሼ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ደጋው ላይ። ገብስና በግ፣ ብርድና ባና ያለበት አገር ነው። ከዚያ የሚነሣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እስኪደርስ ስንት በር እንደሚያልፍ ካላየን፣ ስለ ዝግጅት የምናወራው ሁሉ ባዶ ምክር ይሆናል።

በሮቹን ከታሪካቸው ልጀምር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ነበር። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው በ1957 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ሐኪም ማሠልጠን የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጅማ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። ለብዙ ዓመት አገሪቱ የነበራት እነዚህን ሦስት ደጆች ነው። የእኛ ትውልድ ማትሪክ ተፈትኖ፣ ፍሬሽማን ገብቶ፣ በውጤት ተፎካክሮ ነበር የሚለየው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የፍሬሽማን ዓመት ወጣና ወደ መሰናዶ ትምህርት ወረደ። በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ መጣ። በመሐል፣ በ2004 ዓ.ም. ሌላ በር ተከፈተ፤ በ13 ተቋማት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም ተጀመረ።

ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ለትዝታ አይደለም። ደንቡ በየአሥር ዓመቱ ይቀያየራል። አዲስ አበባ ያለ ልጅ የደንቡን መቀየር ከታላቅ ወንድሙ፣ ከጎረቤት ሲኒየር፣ ከአስጠኚው ይሰማል። የራቤሉ ልጅ አባት ደግሞ ስለ ማትሪክ የሰማውን ነው የሚነግረው። አባትየው አልዋሸም። የነገረው ግን የ1980ዎቹን ደንብ ነው።

ዛሬ ያለው ምን ይመስላል? መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እንግዲህ ከራቤል ተነሥቶ ከእነዚህ መሐል የተገኘ ልጅ፣ ትንሽ ልጅ አይደለም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ስንቱን ትምህርት ቤት እንደዘጋ ታውቃላችሁ። ክፍል ተዘግቶ፣ መምህር ተበትኖ፣ ቤት ውስጥ በአንድ መጽሐፍ ለሦስት ሆነው አጥንተው የመጡ ልጆች ናቸው።

ይሄን አልፎ ግቢ ሲገባ «አለፍኩ» ይላል። ሁለተኛው ፈተና ግን ያን ዕለት ነው የሚጀምረው። የአንድ ቀን ፈተናም አይደለም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ነው። ለሕክምና የሚመደበው በአንደኛ ዓመት ውጤቱና በ12ኛ ክፍል ውጤቱ ነው፤ እንደየግቢው ተጨማሪ ፈተናም ይኖራል። የየአንዳንዱ ድርሻ ከግቢ ግቢ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። የመጀመሪያ ዓመቱ ውጤት ግን ትልቅ ቦታ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፉት ዓመታት ከደወሉልኝ ልጆች አንዷ፣ ከራቤል ዙሪያ የመጣች ናት። የደወለችው የካቲት ላይ ነው። «እትዬ፣ ሕክምና ለመግባት ምን ልዘጋጅ?» አለችኝ። «እስካሁን ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» አልኳት። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት እየተነሣች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ስታነብ ነው የከረመችው። ሕክምና ማለት ባዮሎጂ ነው ብላ። የመግቢያ ፈተናው ሲመጣ ዝግጁ ልትሆን።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ግን ባዮሎጂ አልነበረውም። በብዙ ግቢዎች ጄኔራል ባዮሎጂ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ የሚመጡት ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንዲሁም ልጆቹ «ሎጂክ» የሚሉት ክሪቲካል ቲንኪንግ ናቸው። እሷ እነሱን እንደ ማለፊያ ነው ያየቻቸው። «ጂኦግራፊ ለሐኪም ምን ያደርጋል?» ብላ። ያገኘችው 3.2 ነበር። በሰው ፊት የሚያሳፍር ውጤት አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ስድስት ኮርሶች አሉ እንበል፤ ሁሉም ባለ 3 ክሬዲት ሰዓት። አንዱ ላይ ኤ ፈንታ ሲ ብታገኙ፣ የሴሚስተሩ ውጤት በ0.33 ይወርዳል። ይሄ የወረደው በጂኦግራፊ ይሁን በባዮሎጂ፣ ለቀመሩ አንድ ነው። አሁን ልጅቷ 3.2 ይዛለች። ሁለተኛው ሴሚስተር እኩል ክሬዲት ካለው፣ ድምር ውጤቷን 3.7 ለማድረስ በሁለተኛው ስንት ማምጣት አለባት? 4.2። ከ4.0 በላይ ደግሞ ውጤት የለም። ልጅቷ «ምን ልዘጋጅ?» ብላ ስትደውል፣ ዓመቱ ገና ግማሽ ሳለ፣ 3.7 የሚጠይቅ በር ተዘግቶባታል። ጥቅምት ላይ የአምስት ደቂቃ ወሬ ብትሰማ ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር።

«ለምን ቀደም ብለሽ አልደወልሽም?» ስላት የመለሰችልኝን አልረሳውም። «እርስዎን ማስቸገር ፈርቼ ነው» አለችኝ።

ክቡራን መምህራን፣ ይሄንን ቃል እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። «ተማሪው ራሱ መጥቶ ይጠይቅ፤ ቢሮዬ ክፍት ነው» የሚል ሐሳብ አለ፤ ተገቢ ሐሳብ ነው። እኛ አገር ግን ልጅ የሚያድገው ታላቅ ሲናገር ዝም ብሎ እንዲሰማ ነው። መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ጨዋ ተብሎ ያደገ ልጅ ነው ከቢሮአችሁ ደጅ ቆሞ ሳያንኳኳ የሚመለሰው። ስለዚህ ክፍት ቢሮ የሚጠቅመው አስቀድሞ መጠየቅን የለመደውን ነው። ላልለመደው መረጃው ራሱ ሄዶ ሊያገኘው ይገባል።

አሁን ደግሞ ልጆቹ ሲደውሉልኝ የምነግራቸውን ላካፍላችሁ፤ እናንተም የምትነግሩት ልጅ አይጠፋምና።

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የኮርሶቹን ዝርዝርና የክሬዲት ሰዓታቸውን በወረቀት ጻፉ እላቸዋለሁ። ለሕክምና ምደባ ምን ምን እንደሚቆጠር ሬጅስትራርን ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የነበረው ዘንድሮም አለ ብላችሁ አትገምቱ። የምትወዱት ኮርስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ከምታድሩ፣ የምትፈሩት ላይ በየቀኑ አንድ ሰዓት ስጡ።

ሁለተኛው የአጠናን ጉዳይ ነው። አብዛኛው ልጅ የሚያጠናው ደግሞ ደጋግሞ በማንበብና በማስመር ነው። ሲያነበው ይገባዋል፤ ስለገባው የያዘው ይመስለዋል። ፈተና ላይ ሲቀመጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችና፣ አንብበው ጽሑፉ ተወስዶባቸው የሚያስታውሱትን የጻፉ ተማሪዎች ተነጻጸሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በልጠው ተገኙ። ከሳምንት በኋላ ግን ብዙ ያስታወሱት፣ ከልባቸው አውጥተው የጻፉት ናቸው።

መንዝና ግሼ ያደገ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም። የአብነት ተማሪ ቀን የተቀበለውን ቀለም ማታ ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል። ሲሳሳት ይታረማል፣ ደግሞ ይለዋል። ታላቁ ለታናሹ ያስቀጽላል፤ ሲያስቀጽልም የራሱ ይጸናለታል። ስለዚህ ልጆቹን «ደብተራችሁን ዝጉና በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ቀጥሎ ለጓደኛችሁ በአማርኛ አስረዱት፤ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ መልሱት» እላቸዋለሁ። በአማርኛ ማስረዳት ያልቻሉት ነገር በእንግሊዝኛ የሸመደዱት ብቻ ነው።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። ይሄንን እንደ ሐኪም ነው የምናገረው። የቀን ትምህርት በአእምሮ ውስጥ ቦታ ቦታውን የሚይዘው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ለፈተና ሳምንት ጫት ቅሞ ማደር ግቢዎቻችን ውስጥ እንደ ጉብዝና ሲቆጠር አያለሁ። ያደረ ልጅ ፈተና ላይ የሚያውቀውን ይስታል። በሰባት ሰዓት እንቅልፍና በአራት ሰዓት ጥናት የማይያዝ የአንደኛ ዓመት ኮርስ የለም፤ ከጥቅምት ከተጀመረ። «ከጥቅምት ከተጀመረ» የምትለዋን ነው የማሰምርባት።

አራተኛውን ስነግራቸው ደስ አይላቸውም፤ ግን እነግራቸዋለሁ። ሕክምና ከስድስት ዓመት ያላነሰ መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች እንዳሉ፣ የደመወዙም ነገር ምን ያህል እንዳነጋገረ ታውቃላችሁ። ይሄንን ደብቆ ልጅን «ሐኪም ሁን» ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ይሄን ሰምቶ አሁንም የሚፈልግ ልጅ፣ በእውነት ይፈልጋል።

ሳይገባ የቀረውስ? ስለ ዝግጅት ስናወራ እሱን እንረሳዋለን። ውጤት ተለጥፎ ስሙን ያጣ ልጅ፣ በተለይ መንደሩ ሁሉ «ዶክተር» ብሎ የሸኘው ልጅ፣ ዓመቱን አቋርጦ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አገር ቤት በምን ፊት ልመለስ ብሎ። እኔ ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ የምነግረው ከሥራ የማውቀውን ነው። ራቤል ዙሪያ ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትደርስ፣ መጀመሪያ የሚያገኛት ሐኪም ላይሆን ይችላል። አዋላጅዋ ናት፤ የጤና መኮንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና፣ የጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ሠልጥነው በየወረዳው ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና እያዋለዱ ነው። ያቺ እናት በሕይወት ተርፋ ስትመለስ፣ የቀደዳት ሰው የትኛውን ዲግሪ እንደያዘ አትጠይቅም። ያቺ 3.2 ያገኘች ልጅ ዛሬ አዋላጅ ነርስነት እያጠናች ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ያመጣችውን ውጤት ብነግራችሁ፣ መጀመሪያውን ማን አበላሸባት ብላችሁ ትቆጩ ነበር።

ይሄ ሁሉ ለምን ያሳስበናል? አንዱ ምክንያት ፍትሕ ነው። ሌላው የአገር ጥቅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ገጠር የጤና ባለሙያዎች ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ በ2021ም አሻሽሎ ባወጣው፣ መጀመሪያ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን ወደ ጤና ትምህርት ቤቶች ማስገባት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከገጠር የመጣ ባለሙያ ከሌላው ይልቅ ገጠር ሄዶ የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ብርዱን ያውቀዋል፣ ቋንቋውን ያውቀዋል፣ «ወገቤን ይቆርጠኛል» ስትለው ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል። ራቤል ሐኪም እንዲኖራት ከፈለግን፣ ከራቤል የሚመጣው ልጅ ጥቅምት ላይ እንዳይሳሳት ማድረግ አንዱ ሥራ ነው።

«ይሄ ለእነሱ ማድላት አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከዚህ በፊት ቀርቦልኛል። ከጎረቤታችን ከመንዝ ጌራ አንድ ነገር ልዋስ። ጓሳ የሚባለውን ምድር የማታውቁ የላችሁም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት፣ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው። ሣሩ እስኪደርስ ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጠባቂ ይሾምለታል። ሲከፈት ባለድርሻው ሁሉ የሚከፈትበትን ጊዜ አውቆ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ያጨደውን ያህል የሚወስደው በጉልበቱ ነው። የመክፈቻውን ቀን ግማሹ ሰው ብቻ ቢያውቅ ኖሮ፣ የሌላው ጉልበት ምን ይጠቅመዋል? እኔ የምለውም ይሄንኑ ነው። ለማንም ውጤት ይጨመርለት አላልኩም። ቀኑ ለሁሉም እኩል ይነገር፤ ከዚያ ሁሉም በጉልበቱ ይጨድ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

ከመምህራኖቻችንና ከአስተዳደሩ፦ የምደባው ቀመር ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይውጣ። ውጤት ከተሠራ በኋላ የሚለጠፍ ቀመር ለልጆቹ አይጠቅምም። የቀድሞ ፈተናዎችም ከሲኒየር ወደ ዘመድ የሚተላለፉ ከሚሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ፤ ሁሉም ፎቶ ኮፒ ያድርግ።

ከማኅበራችን፦ በምዝገባ ቀን ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት እናዘጋጅ፤ በአማርኛና ልጆቹ በሚናገሯቸው ሌሎች ቋንቋዎች። ኮርሶቹ፣ ክሬዲታቸው፣ ውጤት እንዴት እንደሚሰላ፣ አሁን የሠራነው የ3.2 እና የ4.2 ሒሳብ፣ ሕክምና ላልገባ ምን ምን መንገድ እንዳለ። ወጪው የአንድ ቀን ሻይ አይሆንም። ለዚህ ስብሰባ መፈክር ካሠራንበት ጨርቅ ዋጋ ያንሳል።

ከእያንዳንዳችሁ፦ አንድ ልጅ ያዙ። አንድ ብቻ። ከወረዳችሁ ይምረጥም አይምረጥም፣ በመጀመሪያው ሳምንት እናንተ ደውሉለት፤ እሱ እስኪደውል አትጠብቁ፣ ያፍራል። ሁለተኛ ከመጀመሪያው አጋማሽ ፈተና በኋላ፣ ሦስተኛ የሴሚስተሩ ውጤት ሲወጣ ደውሉለት። በዓመት ሦስት ጊዜ መደወል ለማናችንም አይከብድም። ገንዘብ አልጠየቅኩም፤ ገንዘብ መስጠት የሚፈልግ ካለ አይከለከልም፣ መጽሐፍ ይገዛበታል።

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ምዝገባ ጥቂት ሳምንታት ነው የቀረው። የወረቀቱን ረቂቅ ጽፌ አምጥቼአለሁ፤ መግቢያው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። መምህራን የተሳሳትኩት ካለ በእስክሪብቶ አርሙልኝ። ከጎኑ መዝገብ ተቀምጧል፤ አንድ ልጅ ለመያዝ የምትፈልጉ ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉ። ከምሳ በፊት ቢሆን ደግ ነው፤ ከምሳ በኋላማ የምንበታተን ነን።